ምዕራፍ 6፦ ጅብ ከሄደ በኋላ

ከቦሌ ተነስቶ ሐርጌሳ የሚወርድ መንገደኛ በአየር ላይ የሚቆየው ጥቂት ነው። ከነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም ወዲህ ግን የወረቀቱ ጣጣ ከበረራው በለጠ። የሞቃዲሾው ፌዴራል መንግሥት ማንኛውም የውጭ አገር ሰው ከመሳፈሩ በፊት በኢንተርኔት ቪዛ ያውጣ ብሎ ደነገገ። ሶማሌላንድ ደግሞ ከግንቦት 1983 ዓ.ም ጀምሮ ራሴን የቻልኩ አገር ነኝ የምትል ናትና ሐርጌሳ ይህን ቪዛ አላውቀውም አለች። መሐል ላይ የተያዘው ተሳፋሪው ነው። አየር መንገዱ የሞቃዲሾውን ቪዛ አሳየኝ ይለዋል፤ ኢጋል አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ የሐርጌሳ ሹሞች የራሳቸውን ቪዛ አስከፍለው ይመቱለታል። ብዙ ሰው ለአንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ ከፍሏል። (ከጅግጅጋ ተነስቶ በቶጎ ውጫሌ በመኪና የተሻገረ ነጋዴ ከዚህ ሁሉ ተርፏል። እሱን ያንን ቅጽ ሙላ ያለው የለም።)

ሁለት ጊዜ መክፈሉስ ይሁን። ቅጹ ግን ከገንዘብ ሌላ ብዙ ነገር ወስዷል፦ ስም፣ ፎቶግራፍ፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ ኢሜይል፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የመኖሪያ አድራሻ። ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም ይህ ሁሉ እንዳፈተለከ ወሬው ወጣ። በሞቃዲሾ የአሜሪካ ኤምባሲ ማንነታቸው ያልታወቀ ጠላፊዎች የቪዛውን ሥርዓት ሰብረው ሳይገቡ እንዳልቀረ፣ ቢያንስ የ35,000 ሰዎች መረጃም ሳይጋለጥ እንዳልቀረ አስታወቀ። የእንግሊዝ መንግሥት ደግሞ ጥሰቱ ገና አልቆመም፣ ዛሬ የምታስገቡትም ሊወጣ ይችላል ብሎ ተጓዦቹን አስጠነቀቀ። በዚያው ሳምንት የሶማሊያው መከላከያ ሚኒስትር ይኸው ሥርዓት አሸባሪዎች እንዳይገቡ አግዷል ብለው ሲያሞግሱት ተሰምተው ነበር። ጥቂት ቆይቶ የቪዛው ገጽ ምንም ማብራሪያ ሳይሰጥበት ወደ ሌላ የኢንተርኔት አድራሻ ተዛወረ፤ ምርመራ ተጀምሯል የሚለው መግለጫም ተከተለ።

ከኤምባሲው ማስታወቂያ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። እገሌ የተባለው ሰው መረጃ ወጥቷል ወይስ አልወጣም የሚለውን ማረጋገጥ አንችልም፤ ያመለከተ ሁሉ ግን ሊነካ ይችላል ይላል። የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሳል። ከ35,000ዎቹ አንዱ ይሁን አይሁን የማያውቅ ሰው ምን ያድርግ?

ስለ ኩባንያዎች በሚያወራ መጽሐፍ ውስጥ የመንግሥት ቪዛ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ይኖራል። ሆን ብዬ ነው። ባንኩ ያሳዘነው ደንበኛ ገንዘቡን አውጥቶ ሌላ ባንክ ይገባል፤ የቪዛ አመልካች ግን ሌላ መስኮት የለውም። የሐርጌሳው መንገደኛ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፦ መረጃውን የያዘው ሞቃዲሾ፣ እሱ የሚሄደው ሞቃዲሾን ወደማያውቅ አገር። አቤት የሚልበት ደጅ የለም። እዚህ ላይ የሚሠራ ዘዴ ለባንክም፣ ለስልክ ኩባንያም፣ ለኢንተርኔት ሱቅም ይሠራል።

መረጃ አፈተለከ ሲባል ሁሉም ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር «ፓስወርድ ቀይሩ» ነው። ምክሩ አይጠላም። ግን ከቪዛው ቅጽ ወጣ ከተባለው ውስጥ ፓስወርድ የለም። የወጣው የተወለዱበት ቀን ነው፤ እሱን ማን ይቀይረዋል? ስለዚህ አንድ ነገር ከማድረግዎ በፊት ወጣ የተባለውን በሁለት ይክፈሉት፤ ሊቀየር የሚችል እና የማይቀየር። ፓስወርድ፣ የባንክ ካርድ፣ የሞባይል ገንዘብ ሚስጥር ቁጥር፣ ጨርሶ ካስፈለገም ስልክ ቁጥርና ፓስፖርት ይቀየራሉ። የትውልድ ቀን፣ የትውልድ ቦታ፣ የአባትና የአያት ስም፣ ፊት፣ አሻራ አይቀየሩም። የመጀመሪያዎቹን ዛሬውኑ ይቀይሩ፤ አንዱን ፓስወርድ ለሦስትና ለአራት ቦታ ተጠቅመውበት ከሆነ ከኢሜይሉ ይጀምሩ፤ የሌላው ሁሉ ማደሻ የሚላከው ወደ ኢሜይል ነውና። ሁለተኛዎቹ ላይ ግን ሥራው የተለየ ነው። ከእንግዲህ እነሱ በር እንዳይከፍቱ ማድረግ ነው ያለብዎት።

የእናት ስምን እንመልከት። የውጭ ባንኮች ማንነት ለማጣራት የእናት የልጅነት ስም ማን ነው ብለው መጠየቅ ይወዳሉ። ሚስት ስትሆን የአባቷን ስም በምትጥል አገር ይህ ጥሩ ምስጢር ነው። እኛ ዘንድ ሴት አግብታም የአባቷን ስም አትለውጥም፤ የእናትዎን ስም እድሩም ዕቁቡም ሰፈሩም ያውቀዋል። ሶማሌዎች ዘንድ ደግሞ በአንድ ዓይነት ስም የሚጠሩ ሰዎች ብዙ ስለሆኑ የእናት ስም መለያ ሆኖ ፓስፖርት ላይ ሳይቀር ይታተማል። ዋሽንግተንም ይሁን ለንደን የባንክ ሒሳብ ያለዎት እንደሆነ ለዚህ ጥያቄ እውነቱን መመለስ አይጠበቅብዎትም። ከእናትዎ ጋር ምንም የማይገናኝ፣ ከእርስዎ በቀር ማንም የማይገምተው ቃል ያስመዝግቡ፤ ቃሉንም ደብተር ላይ ጽፈው ቤት ያኑሩት። ውሸት ነው ብሎ የሚቀየም ባንክ የለም።

ሐርጌሳ ላይ ግን ዋናው በር ስልኩ ነው። ቴሌሶም የተባለው ኩባንያ ዛድ የሚባለውን የሞባይል ገንዘብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ቴሌብር ከመምጣቱ አሥራ ሁለት ዓመት ቀድሞ። መንዛሪዎች የሶማሌላንድ ሽልንግ መንገድ ዳር ከምረው በሚቀመጡባት በዚያች ከተማ ሻይ የጠጣም፣ ከኢትዮጵያ የመጣ ጫት የገዛም፣ የቤት ኪራይ የሚከፍልም ከስልኩ ይልካል። የሱቁ ቁጥር ግድግዳው ላይ በቀለም ተጽፎ ይታያል። እንግዲህ ቁጥሩ ምስጢር አይደለም፤ የባለቤቱ ስምም ምስጢር አይደለም። በሌባውና በገንዘቡ መካከል የቆሙት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ሲም ካርዱና ሚስጥር ቁጥሩ።

ሲም ካርዱ እንዴት ይሰረቃል? ሌባው ስልክዎን አይነካም። ስምዎን፣ የትውልድ ቀንዎንና አድራሻዎን ይዞ ከስልክ ኩባንያው ወኪል ዘንድ ይቀርብና ስልኬ ጠፋብኝ፣ በዚሁ ቁጥር ሌላ ሲም ስጡኝ ይላል። ወኪሉ ከተታለለ ወይም እጁን ከዘረጋ ቁጥርዎ በሌባው ስልክ ላይ ይነቃል፤ የእርስዎ ይሞታል። ከዚያ ወዲያ የባንክ ማረጋገጫ ኮድ የሚደርሰው ለእሱ ነው። ምልክቱ አንድ ነው፦ አጠገብዎ ያሉ ሰዎች ሁሉ ኔትወርክ እያላቸው የእርስዎ ስልክ ብቻ ድንገት ኔትወርክ ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ጠብቆ ማየት ለምደናል፤ በዚህ ጊዜ ግን መጠበቅ አይገባም። የሰው ስልክ ተውሰው ወዲያው ይደውሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ቴሌብር 127፣ ንግድ ባንክ 951። ሐርጌሳ ከሆኑ መታወቂያዎን ይዘው በቀጥታ ወደ ኩባንያው ቅርንጫፍ ይሂዱ። ሚስጥር ቁጥርዎ የትውልድ ዓመትዎ ከሆነ ደግሞ (የብዙ ሰው ነው) ይህን ገጽ ሳይጨርሱ ይቀይሩት። ቅጹ ላይ ያለው ቁጥር ያው ነዋ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ከጥንቃቄ ወገን ነው። አብዛኛው ገንዘብ የሚጠፋው ግን ሲም ተሰርቆ አይደለም፤ ባለቤቱ ራሱ በእጁ ሲሰጥ ነው። መረጃው ከወጣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስልክ ይደወላል። ደዋዩ ትሁት ነው፤ ሙሉ ስምዎን ከነአያትዎ ይጠራል፤ መቼ እንደተወለዱ፣ የት እንደሚኖሩ፣ ሐርጌሳ መቼ እንደገቡ ያውቃል። «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ በመረጃ ጥሰቱ ምክንያት ሒሳብዎን እያደስን ነው፤ አሁን የሚደርስዎትን ኮድ ይንገሩን» ይላል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እንዴት ሌባ ይሆናል? የሚታመነውም በዚህ ነው። ከጥሰት በኋላ ሊለወጥ የሚገባው ትልቁ ልማድ ይህ ይመስለኛል፦ ስለ እርስዎ ብዙ ማወቅ ከእንግዲህ የማንም መታወቂያ አይሆንም። ይዝጉትና ራስዎ በሚያውቁት ቁጥር መልሰው ይደውሉ። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ አይቀየምም፤ ከተቀየመም ይቀየም።

ያው ደዋይ አንዳንዴ በባንክ ስም ሳይሆን በወዳጅ ስም ይመጣል። ቴሌግራም ላይ የሚያውቁት ሰው «በስህተት ኮድ ወደ ስልክህ ልኬአለሁ፣ ላክልኝ» ቢል፣ ያ ወዳጅዎ አካውንቱ ተወስዶበታል፤ የሚጠየቁት ኮድም የእርስዎን መውሰጃ ነው። ቴሌግራምም ሆነ ሐርጌሳ ላይ ሁሉም የሚጠቀምበት ዋትሳፕ በማስተካከያቸው ውስጥ ከኮዱ ሌላ ተጨማሪ የይለፍ ቁጥር ማስገቢያ አላቸው። ከመረጃ ጥሰት በኋላ ከሚሠሩ ሥራዎች ሁሉ በጣም ርካሹና በጣም ጠቃሚው ይህ ነው፤ ሳይሠራ የሚቀረውም ይኸው ነው።

መረጃ ደግሞ አይበላሽም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 የ533 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ስልክ ቁጥርና ስም በነፃ ተዘርግፎ ታይቷል። ፌስቡክ የሰጠው መልስ ይህ በ2019 የተለቀመ አሮጌ መረጃ ነው የሚል ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ስልክ ቁጥሩን የቀየረ ስንት ሰው ያውቃሉ? ኢሜይልዎ በታወቁ ዝርፊያዎች ውስጥ ይኑር አይኑር ለማየት አውስትራሊያዊው ትሮይ ሀንት እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈተው «ሃቭ አይ ቢን ፖንድ» የተባለ ነፃ ገጽ አለ። የሚያውቀው እጁ የገቡትን ዝርፊያዎች ብቻ ነውና «አልተገኘም» ማለቱ አልወጣም ማለት አይደለም።

የኩባንያውን ማስታወቂያም እንዲሁ በደፈናው አይመኑ። ኢኩፋክስ የአሜሪካውያንን የብድር ታሪክ የሚይዝ ድርጅት ነው። ጠላፊዎች እንደገቡበት ያወቀው ሐምሌ 29 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ሲሆን ለሕዝብ የተናገረው ግን ጳጉሜን ከገባ በኋላ፣ መስከረም 7 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ 147 ሚሊዮን ሰው እስከዚያ ድረስ ምንም አልሰማም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። መጮኹስ ምን ያህል ተሳካ? ድርጅቱ ለተጎጂዎች አዲስ ድረ ገጽ ከፈተ። አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ የአድራሻውን ቃላት ቦታ አቀያይሮ፣ ይህ በቀላሉ እንደሚኮረጅ ለማሳየት ብቻ፣ የውሸት ገጽ ሠራ። የኢኩፋክስ ሠራተኞች ራሳቸው በኩባንያው ይፋዊ ትዊተር ደንበኞቻቸውን ደጋግመው ወደዚያ ወደ ውሸቱ ገጽ ላኩ! ስለዚህ በመልእክት የመጣን ማስፈንጠሪያ አይጫኑ፤ የድርጅቱን አድራሻ በእጅዎ ይጻፉ።

አሜሪካ ላሉ ወገኖች ከዚያ ጥፋት የተገኘ አንድ መልካም ነገር አለ። ከመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የብድር መዝገብን ማስቆለፍ በመላው አገሪቱ በሕግ ነፃ ሆኗል። ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ዘንድ ለየብቻ ይጠየቃል፤ በአንዱ ብቻ ማስቆለፍ ግማሽ ሥራ ነው። ከተቆለፈ በኋላ በስምዎ ካርድ ወይም የመኪና ብድር ላውጣ የሚል ሌባ አበዳሪው መዝገቡን ማየት ስለማይችል ይመለሳል። እርስዎ ቤት ወይም መኪና ሊገዙ ሲሉ ለጊዜው ያስከፍቱታል። ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆችም ወላጅ ማስቆለፍ ይችላል። የሕፃን መዝገብ ባዶ ስለሆነና ለዓመታት ማንም ስለማያየው ሌባ ይወደዋል። ቪዛ ለሐርጌሳ ሲያወጡ ልጆቻቸውንም የመዘገቡ ሁሉ ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ካሳስ? እዚህ ላይ ተስፋ አላበዛም። ኢኩፋክስ በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገ ስምምነት እስከ 425 ሚሊዮን ዶላር ለተጠቃሚዎች ለማዋል ተስማማ። ለአንድ ሰው 125 ዶላር የሚለው ወሬ አገሩን ሞላው፤ ለዚያ ክፍያ የተመደበው ግን 31 ሚሊዮን ብቻ ስለነበር የጠያቂው ብዛት ድርሻውን ወደ ጥቂት ዶላር አወረደው። በዚያው ስምምነት ውስጥ ሰው ያላየው ሌላ መስመር ነበር፦ ጉዳቱን ለማስተካከል የባከነ ጊዜ በሰዓት 25 ዶላር፣ እስከ 20 ሰዓት። ይህን ለማግኘት መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል። መቼ ደወልኩ፣ ማን አነጋገረኝ፣ ምን አለኝ፣ ለትራንስፖርት ምን ከፈልኩ የሚሉት በዕለቱ ካልተጻፉ ከዓመት በኋላ አይታወሱም። ካሳ በሌለበት አገር እንኳ ይህ ማስታወሻ ባንክ ፊት ቆመው «እኔ አይደለሁም ያወጣሁት» ለማለት የሚይዙት ማስረጃ ነው።

ገንዘብ ከመጠየቅ ይልቅ ወጪውን ራሱ ይሸፍን ማለት የተሻለ የሚሠራበት ጊዜ አለ። በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ኦፕተስ የተባለው የስልክ ኩባንያ የ9.8 ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹን መረጃ ተዘረፈ፤ ከእነሱ ውስጥ የፓስፖርትና የመንጃ ፈቃድ ቁጥር የወጣባቸው ነበሩ። ሕዝቡና መንግሥቱ ከጮኹበት በኋላ ኩባንያው የተጎጂዎቹን ፓስፖርት ማሳደሻ ለመክፈል ተስማማ። የሐርጌሳው መንገደኛ ይህን የሚጠይቀው ማንን ነው? የኢትዮጵያ ፓስፖርት ማሳደስ ምን ያህል ወጪና ወረፋ እንዳለው ለሚያውቅ ሰው፣ ቁጥሬ ወጣ ብሎ ፓስፖርት ለመቀየር መሯሯጥን አልመክርም። ቁጥሩ ብቻውን ድንበር አያሻግርም። ማብቂያው ሲደርስ አሳድሰው አሮጌውን ቁጥር ማንም ቦታ አይጠቀሙበት።

አገራችን ላይ ለረጅም ጊዜ ይህን ሁሉ የሚያቅፍ ሕግ አልነበረም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም ሌሊት የንግድ ባንክ ሥርዓት ሲናጋ የሆነውን ሁሉም ያስታውሳል፤ የራሳቸው ያልሆነ ገንዘብ ያወጡ ሰዎች ነበሩ፣ ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በይፋ አወጣ። ለወሰዱት ጠበቃ አልቆምም። ግን ደንበኛ ሒሳብ ሲከፍት የሰጠው ፎቶ ለአደባባይ ይውላል ብሎ የገመተ አልነበረም፤ ጥያቄውን ያነሳውም ጥቂት ሰው ነው። የሚገርመው በዚያው ወር ማብቂያ፣ መጋቢት 26፣ የተወካዮች ምክር ቤት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅን አጸደቀ። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ መረጃ የያዘ ድርጅት ጥሰት ሲደርስበት በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት፤ ባለ መረጃውም ስለ ራሱ የተያዘውን የማየት፣ የማስተካከልና አቤት የማለት መብት አለው።

መብቱ የሚነቃው በጽሑፍ ሲጠየቅ ነው። ደብዳቤው አንድ ገጽ አይሞላም፦ ስለ እኔ ምን ይዛችኋል? ምን ወጣ፣ መቼ? ለማን አሳወቃችሁ? ቀን ጽፈው፣ ግልባጩን ይዘው፣ መዝገብ ቤት አስፈርመው ያስገቡ። ድርጅቱ ዝም ካለ ግልባጩ ወደ ባለሥልጣኑ ይሄዳል። ለንደን ወይም ስቶክሆልም የሚኖር ሰው እዚያው ያለ ድርጅት መረጃውን ከያዘበት ያው ደብዳቤ ይበልጥ ይከብዳል፤ በመርሕ ደረጃ በአንድ ወር ውስጥ መልስ ይገባዋልና። የሞቃዲሾው የቪዛ ኤጀንሲ ግን ይህ ሁሉ አይደርስበትም። ሶማሊያ በ2023 እ.ኤ.አ. የመረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥታ ባለሥልጣንም አቋቁማለች፤ የሐርጌሳው መንገደኛ እዚያ ድረስ ሄዶ ይከራከራል ብሎ መጠበቅ ግን ቀልድ ነው።

በታኅሣሥ 2025 እ.ኤ.አ. አልጀዚራ አዲሱም የቪዛ ገጽ የሰዎችን መረጃ ለማንም የሚያሳይ ቀዳዳ እንዳለው ዘግቧል። ከዚህ በኋላ ይህን ቅጽ መሙላት ግድ የሚሆንበት ሰው አስቀድሞ የሚያደርገው አለ። ከባንክ፣ ከቴሌግራምና ከሥራ ጋር የማይገናኝ አዲስ ኢሜይል ይክፈቱና ለቪዛ ብቻ ያውሉት፤ ከዚያ ወዲያ «ከባንክ ነው» የሚል መልእክት በዚያ ኢሜይል ቢመጣ ከየት እንደወጣ ያውቃሉ። ግዴታ ያልሆነውን ሣጥን ባዶ ይተዉት። ለሆቴልና ለጉዞ ወኪል የሚሰጡት የፓስፖርት ግልባጭ ላይ የትና ለምን እንደሰጡት ከነቀኑ አግድም ይጻፉበት፤ በፎቶው ፊት ላይ ሳይሆን በባዶው ቦታ። ለወኪሉ በቴሌግራም የላኩትን የፓስፖርት ፎቶ ደግሞ ቪዛው እጅዎ እንደገባ ያጥፉት። ሲያጠፉ «ከወዲያኛውም ስልክ ይጥፋ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ ይበሉ።